«ማንዝ» በማን አፍ ነው ቤት የሚመታው? የቤት መምቻ መፈለጊያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ ማታ

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ቤት የሚመታ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም፣ በእንግሊዝኛ። ግን አንዱ ስንኝ ከአራት ቃላት በአንዱ ማለቅ አለበት፦ ኦሬንጅ፣ ፐርፕል፣ ሲልቨር፣ ማንዝ። ብርቱካን፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ብር እና ወር ማለት ነው። አራቱም ቤት መምቻ የላቸውም እየተባሉ የሚጠሩ ናቸው። እሷ «ማንዝ»ን መረጠች። ሁለት ቀን ፈልጋ አጣች። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችው።

ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ ነፃ ነኝ። የምሠራው የኮምፒውተር ድጋፍ ነው፣ ፓይተንም (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ትንሽ እችላለሁ። «ነይ፣ መፈለጊያ እንሥራ» አልኳት። ቃል ስትጽፊለት ቤት የሚመቱትን የሚዘረዝር።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር። የ«ማንዝ» መጨረሻ ላይ ያለው፣ ምላስ ጥርስ መሃል ገባ ብሎ የሚወጣው ድምፅ በፊደላችን የለም። ብሉቱዝ ብለን እንደለመድነው እዚህም በ«ዝ» እጽፈዋለሁ።

ዕቃ፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ፓይተን። እስካሁን ወጪ የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ውጤቱም የማይረባ ሆነ። የመጨረሻዎቹን አራት ሆሄያት የሚያመሳስል ኮድ ጻፍኩ። እንግሊዝኛ ግን እንደተጻፈ አይነበብም። ታፍ (ጠንካራ)፣ ኮፍ (ሳል)፣ ዶው (ሊጥ)፣ ባው (የዛፍ ቅርንጫፍ)፣ ስሩ (በውስጡ)፤ አምስቱም በተመሳሳይ አራት ሆሄያት ነው የሚያልቁት፣ አንዱ ከሌላው ጋር ግን ቤት አይመታም። ሰረዝኩት።

ሳምንት 1፣ እሁድ

ዛሬ የሠራሁት ስህተት ደስ ይላል፣ ከአማርኛ የመጣ ስለሆነ። እኛ ጋ ቤት የሚመታው የመጨረሻው ፊደል ነው። «በላ» እና «ሌላ» ይመታሉ፣ ሁለቱም በ«ላ» ስለሚያልቁ። ተነባቢውም አናባቢውም አንድ መሆን አለበት። እኔም ሳላስበው ኮዱን በዚሁ ሕግ ጻፍኩት። የመጨረሻውን ክፍለ ቃል ውሰድ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አምጣ። ለ«ሲልቨር» ሪቨር፣ ኔቨር፣ ኦቨር፣ ፊቨር አመጣልኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ልጄ አየችውና «አባዬ፣ እነዚህ አይመቱም» አለች።

«ለምን? ሁሉም በ‹ቨር› ያልቁ የለም እንዴ?»

«አይ፣ ጆሮዬ አይቀበለውም።»

ልክ ናት። በእንግሊዝኛ ቤት መምታት የሚጀምረው ስትረስ ካለበት አናባቢ ነው፣ ማለትም ድምፁ ጠንከር ብሎ ከሚወጣበት ቦታ። ከዚያ አናባቢ አንስቶ እስከ መጨረሻው ያለው ሁሉ አንድ መሆን አለበት። ከእሱ በፊት ያለው ተነባቢ ደግሞ መለየት አለበት። ስለዚህ ሪቨር (ወንዝ) እና ሊቨር (ጉበት) ይመታሉ። ሲልቨር ግን «ኢልቨር» ብሎ የሚያልቅ ጓደኛ ይፈልጋል። እኛ መጨረሻ ላይ ያለው ተነባቢ እንዲገጥም እንፈልጋለን፣ እነሱ ከስትረሱ በፊት ያለው እንዲለይ ይፈልጋሉ። ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ስሰማና ስናገር ይሄን አስቤው አላውቅም።

ኮዱን አልሰረዝኩትም። በሌላ ስም አስቀመጥኩት።

ሳምንት 2

ስትረስን ለማወቅ የድምፅ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። ፒትስበርግ ያለው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ በነፃ የለቀቀው አለ፣ ሲኤምዩ መዝገበ ቃላት ይሉታል። ከ134 ሺህ በላይ ቃል አለው፣ የሰሜን አሜሪካ አነጋገር ነው። ድምፆቹን በ39 ምልክት ይከፍላል። አናባቢዎቹ ላይ ቁጥር ይለጠፋል፦ 1 ዋና ስትረስ፣ 2 ሁለተኛ ደረጃ፣ 0 ምንም። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ አንድ ቃል በአንድ መስመር። ለዚህ ሥራ የተሠራ ያህል ነው።

ኮዱ ሰላሳ መስመር ገደማ ሆነ። ቁጥር 1 ያለበትን የመጨረሻ አናባቢ ፈልግ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁረጥ፣ ቁራጩን ቁልፍ አድርገህ ቃላቱን በየቡድኑ አስቀምጥ።

መጀመሪያ ሳስነሳው ተሰበረ። አንዳንድ ቃላት ቁጥር 1 ጭራሽ የላቸውም። «ዘ» የምትለዋ ትንሽዬ ቃል እንኳ ተጠግታ ስትነገር 0 ብቻ ነው ያላት። ስትረስ ከሌለ የመጨረሻውን አናባቢ ውሰድ የሚል መስመር ጨመርኩ።

ሁለተኛው ችግር ዉልፍ ነው፣ ተኩላ። መፈለጊያው ጥቂት ቤት መምቻዎች አገኘሁ አለኝ። ሳያቸው ሁሉም የቤተሰብ ስሞች ናቸው፣ አጻጻፋቸው ይለያል እንጂ ድምፃቸው ያው ዉልፍ ነው። ቃልን ከራሱ ጋር ማጋጠም ሆነ። ስለዚህ ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ አንድ ከሆነ ጣለው አልኩት። ፋይሉ ውስጥ የሰው ስም እጅግ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገሩ 20 ሺህ ቃላትን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አጠራሁ። ይሄ ብቻውን ሁለት ሌሊት በላ።

አሁን ይሠራል። አራቱን ቃላት አስገባሁ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሌሎችም ጓደኛ የሌላቸው ወጡ፤ በልብ (አምፖል)፣ ዴፕዝ (ጥልቀት)፣ ዋስፕ (ተርብ)፣ ፓይንት (የመጠጥ መለኪያ)፣ ናይንዝ (ዘጠነኛ)።

ያጠራሁት ዝርዝር ስላወጣቸው፣ የማውቃቸውን ብርቅዬ ቃላት በእጄ ጨመርኩ። ቺልቨር ሴት የበግ ግልገል ናት፣ ለሲልቨር ሙሉ በሙሉ ትመታለች። ከርፕል የፈረስ ዳሌ ነው፣ ለፐርፕል። ሂርፕል ማነከስ ነው፣ እሱም ለፐርፕል። ዌልስ ውስጥ አበርጋቬኒ ከተማ አጠገብ ብሎሬንጅ የሚባል ተራራ አለ፣ ለኦሬንጅ። ለማንዝ የሚመታውን ያገኘሁት ከሂሳብ ነው። «ኤን ሲደመር አንደኛ» ለማለት «ኤን ፕላስ ዋንዝ» ይላሉ። ዋንዝ፣ ማንዝ። ፍጹም ነው!

ልጄ ግን ዝርዝሩን አይታ ዝም አለች። «አባዬ፣ እኔ እነዚህን ቃላት አልናገርም» አለችኝ። የበግ ግልገል አይታ አታውቅም፣ በኤን ፕላስም ግጥም አትጽፍም።

ሳምንት 2፣ ሐሙስ

ፕሮጀክቱ ዛሬ መልኩን ቀየረ። እማዬ ቡና እያፈላች እኔና ልጄ ስንነጋገር ትሰማለች። «ምንድነው ሲልበር፣ ሲልበር የምትሉት? ሰፈራችንን ነው?» አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ ሜሪላንድ። እማዬ «ሲልበር ስፕሪንግ» ነው የምትለው። እኩዮቿም እንደዚያው።

ልጄ ቀና አለች። «ሲልበር፣ ዊልበር!» አውሮፕላን ከሠሩት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ራይት ነው፣ በቅርቡ ተምረውታል። ሲልበር፣ ዊልበር። ፋይሌ ዜሮ ያለውን ቃል እማዬ ረከቦቱ ላይ እንደተቀመጠች መታችው።

ስለዚህ ጥያቄዬ የተሳሳተ ነበር። «ይሄ ቃል ቤት መምቻ አለው ወይ» ብዬ ነበር የምጠይቀው። ከዛሬ ጀምሮ መፈለጊያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በማን አፍ?» ብሎ ነው።

ሳምንት 3

ሰው መቅዳት ጀመርኩ። ዩኤስቢ ማይክ ገዛሁ፣ 38 ዶላር። ላፕቶፑ ላይ ያለው ማይክ የፋኑን ጩኸት ስለሚቀዳ የቃል መጨረሻ ላይ ያሉትን «ስ» እና «ፍ» መለየት አልቻልኩም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጂዎች ዋጋ የላቸውም። የቃላት ዝርዝር ሰጥቼ «አንብቡልኝ» አልኩ። ሰው ዝርዝር ሲሰጡት ይጠነቀቃል፣ አስተማሪ ፊት የቆመ ይመስል ቃሉን አስተካክሎ ይጠራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቡና ክፍል ውስጥ የሚለውና ማይክ ላይ የሚለው ጭራሽ አይገናኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ዝርዝሩን ትቼ ወሬ አስያዝኳቸው። «ደሞዝ በየስንት ጊዜ ነው የሚከፈልህ?» ብዬ ስጠይቅ ማንዝ ራሷ ትመጣለች። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጃማይካዊት ናቸው፣ ትልቅ ሴት። ድፎ ዳቦ ይዤላቸው ወረድኩ። ስለ ጡረታቸው ሲያወሩ «ማንት» አሉ። በ«ት»። እዚያው ወሬ ውስጥ ፍራንት መጣች፣ ፊት ለፊት ማለት ነው፣ ስለ ሕንፃው መግቢያ ሲያወሩ። ማንት፣ ፍራንት። ይመታል! እዚያው ነገርኳቸው። ሳቁና እንደዚህ ሲያገጥሙ መኖራቸውን ነገሩኝ። ብዙ አየርላንዳውያንም ይሄን ድምፅ ወደ «ት» ያስጠጉታል።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ይሄንኑ ድምፅ «ፍ» ያደርገዋል። ጥርስ ማለት የሆነው ቱዝ «ቱፍ» ይሆንና ከሩፍ፣ ከጣሪያ ጋር ይገጥማል። ማንዝን ግን አያድናትም። «ማንፍ» ስትሆንም ጓደኛ የላትም።

ፊላደልፊያ ያደገ ባልደረባዬ ኦሬንጅን «ኣሪንጅ» ይለዋል። ራፕ የሚሠሩ ልጆች ኦሬንጅን ከዶር ሂንጅ፣ ከበር ማጠፊያ ጋር ያስጠጉታል። ሙሉ ባይሆንም ጆሮ ይቀበለዋል። እሱ ጋ ግን አይሠራም። ዶርን በ«ኦ» ይላል፣ ኦሬንጅን በ«ኣ»። «ልጅ ሆኜም ይሄ ነገር ገብቶኝ አያውቅም» አለኝ።

ሳምንት 4፣ ረጅሙ

አሁን ኮድ። ለእያንዳንዱ አክሰንት (የአነጋገር ዘዬ) የድምፅ መቀየሪያ ሕግ መጻፍ ነው።

የጀመርኩት በሰሜን እንግሊዝ ነው። የአክስቴ ልጅ ሊድስ ይኖራል፣ ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። የሊድስን ልጅ ድምፅ በዋትስአፕ አስላኩ። እነሱ ጋ ካት (መቁረጥ) «ኩት» ነው፣ ከፑት (ማስቀመጥ) ጋር ይመታል። ሁለቱን አናባቢዎች አይለዩም። በፋይሉ ምልክት ስናየው ኤኤች የሚባለው ወደ ዩኤች ይቀየራል። አንድ መስመር ኮድ ነው። ጻፍኩት፣ አስነሳሁት፣ ሁሉ ነገር ተበላሸ። ፐርፕል መጨረሻዋ «ፑል» ሆነ፣ ኦሬንጅ «ኦሩንጅ»።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሌሊት ፈጀብኝ። ሲኤምዩ ለሁለት የተለያዩ ድምፆች አንድ ምልክት ነው የሚጠቀመው። የካት ውስጡ ጠንካራው አናባቢ ኤኤች1 ነው። የኦሬንጅ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለው፣ የእኛ «እ» የሚመስለው ደካማ ድምፅ ደግሞ ኤኤች0 ነው። የሚለያቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። እኔ ሁለቱንም ቀየርኩ። 0ውን እንዲተው ሳደርግ ተስተካከለ።

ከዚያ ዉልፍን አስገባሁ። ጋልፍ ብሎ መለሰ፣ ባሕረ ሰላጤ ማለት ነው። አላመንኩትም። ለልጁ ሁለቱን ቃላት የያዘ ጥያቄ ላክሁለት። በድምፅ መልሶ ላከ፦ ዉልፍ፣ ጉልፍ። ሜሪላንድ ውስጥ ብቻዋን የቀረች ቃል ሊድስ ላይ ጓደኛ አላት። ልጄን ከእንቅልፏ ልቀሰቅሳት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ደቡብ እንግሊዝ ከበደ። «ር» የምትጠፋበት ሕግ ቀላል ነው፣ ከአናባቢ በፊት ካልሆነች ጣላት። በዚህ ብቻ ሶስ (ስጎ) እና ሆርስ (ፈረስ) ለንደን ላይ ይመታሉ። ችግሩ ፓስ (ማለፍ) ነው። አሜሪካ ውስጥ ፓስ እና ጋዝ ማለት የሆነው ጋስ ይመታሉ። ለንደን ውስጥ ፓስ ረጅም «ኣ» አለው፣ ጋስ አጭር ነው፣ አይመቱም። ፋይሉ ውስጥ ግን ሁለቱም አንድ ምልክት ነው ያላቸው። ከየት አመጣዋለሁ? ሁለት ድምፅን አንድ ማድረግ በአንድ መስመር ኮድ ያልቃል። አንዴ የተቀላቀለውን መልሶ መለየት ግን በኮድ አይሆንም፣ መረጃው ፋይሉ ውስጥ የለማ። ዝርዝር ያስፈልጋል።

ጆን ዌልስ የሚባሉ እንግሊዛዊ የፎኔቲክስ (የንግግር ድምፅ ጥናት) ሊቅ በ1982 የእንግሊዝኛን አናባቢዎች በ24 የቃላት ምድብ ከፍለው ነበር። ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ወኪል ቃል ሰጡት። የፓስ ምድብ ወኪል ባዝ ነው፣ ገላ መታጠብ። ሐሳቡን ወስጄ ክላስ፣ ግራስ፣ ላስት፣ ላፍ እያልኩ የባዝ ምድብን በእጄ አስገባሁ። ከመቶ በላይ ቃል፣ ሦስት ሌሊት። አሁን የለንደኑ ፓስ ከጋስ ተለይቶ ከፋርስ (ቧልት) ጋር ይመታል፣ ትክክል ነው። ኦሬንጅን ከዶር የሚለየውን የፊላደልፊያ ዝርዝርም እንዲሁ በእጅ ሠራሁ፦ ፎረስት፣ ፍሎሪዳ፣ ሆሪብል።

ስኮትላንድን ገና አልጨረስኩትም። ኢንቨርነስ ያደገ ባልደረባ አለኝ። ሂርፕል የአገሩ ቃል ናት። ለፐርፕል ትመታለች ብዬ ሳሳየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሱ ጋ ሂርፕል በ«ኢ» ነው፣ ፐርፕል በሌላ አናባቢ። በርድ (ወፍ)፣ ወርድ (ቃል)፣ ኸርድ (ሰማ)፤ አሜሪካ ውስጥ ሦስቱም ይመታሉ፣ እሱ ሦስቱንም ለየብቻ ይጠራቸዋል። ስኮትላንድ ውስጥም እንደ ቦታው እንደሚለያይ ነግሮኛል። መጽሐፍ ላይ ያለው ያ ቤት መምቻ፣ ቃሉ ከመጣበት አገር ሰው አፍ ላይ አይሠራም። ከዝርዝሩ አላወጣሁትም። «በእሱ አፍ አይመታም» የሚል ምልክት አደረግሁበት። እዚህ ላይ አንድ ማምለጫ አለ፣ አጻጻፉ። እንግሊዝኛ ሆሄው ላይ የድሮውን አናባቢ ስላልጣለ በሆሄ መለየት ይቻላል። ሳምንት 1 ላይ የረገምኩት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እዚህ ረዳኝ።

ሳምንት 5

የእማዬ ተራ። «የእኔን ደግሞ ምን ያደርግልሃል፣ የተሰበረ እንግሊዝኛ ነው» አለችኝ። አልተሰበረም። ሕግ አለው፣ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አጭርና ረጅም «ኢ» አንድ ናቸው፤ ሺፕ መርከብም በግም ነው። አጭርና ረጅም «ኡ» አንድ ናቸው፤ ጉድ (ጥሩ) እና ፉድ (ምግብ) ይመታሉ። ይሄን ለኢንቨርነሱ ሰውዬ ስነግረው «እኔም ጋ ይመታሉ» አለኝ። ስኮትላንድ ውስጥም ሁለቱን «ኡ» አይለዩም። እማዬ ስትሰማ ደስ አላት፣ ሰውዬውን ቡና ጥራልኝ አለች።

«ቭ» ግን አስቸገረ። ሲልበር ትላለች፣ ድራይበር ትላለች፣ ቪዛን ግን አንድም ቀን «ቢዛ» ብላ አታውቅም። ሁሉንም ወደ «ብ» የሚቀይረው ሕጌ ስለዚህ ስህተት ነው። ሁለቱንም እንዲቀበል አደረግሁት፣ ለጊዜው።

ሕጎቹ ቢገቡም ውጤቱ ከእማዬ ጆሮ ጋር አልገጠመም። መፈለጊያው ይመታሉ ያላቸውን ጥንዶች አነበብኩላት፣ «እሺ» አለች። እኔ የጣልኳቸውን ሳነብላት ግን እነሱንም «እሺ» አለች። ሪቨርና ኔቨር፣ እሺ። ኦቨርና ፊቨር፣ እሺ። ቆየት ብሎ ነው የገባኝ። እማዬ እንግሊዝኛ ስትናገር ክፍለ ቃላቱን ከሞላ ጎደል እኩል ነው የምትጠራቸው፣ እንደ አማርኛ። አንዱን ክፍል አጉልታ ሌላውን አትውጥም። ስለዚህ «ከመጨረሻው ስትረስ ጀምር» የሚለው ሕግ የሚይዘው ነገር የለውም። ጆሮዋ የሚጠብቀው መጨረሻውን ነው፤ በላ፣ ሌላ።

ሳምንት 1 ላይ በሌላ ስም ያስቀመጥኩትን ኮድ አወጣሁት። አንድም ፊደል አልቀየርኩም። በእሷ መገለጫ፣ ማለትም የእሷን አነጋገር ሕጎች በያዘው ክፍል ላይ ሰካሁት። ሃያ ጥንድ አነበብኩላት፣ አሥራ ዘጠኙ ከጆሮዋ ጋር ገጠመ።

ወጪ እስካሁን፦ ማይክ 38 ዶላር፣ የማይክ መቆሚያ 11፣ ለድፎ ዳቦው ዱቄት 6። ድረ ገጽ ላይ አላወጣሁትም፣ ቤት ላፕቶፕ ላይ ነው የሚሠራው። ሰዓት ወደ 60።

ያልተፈቱ፦ የስኮትላንድ አናባቢዎች ግማሽ ናቸው። የእማዬ «ቭ»። የጃማይካዋ ጎረቤታችን መገለጫ ላይ የጎደለ ብዙ አለ፣ ሁለተኛ ቅጂ እንድወርድ ፈቅደውልኛል።

ሳምንት 5፣ እሁድ

የቤት ሥራው ነገ ነው የሚሰጠው። ልጄ መፈለጊያውን ከፍታ ማንዝን ጻፈች፣ ከ«በማን አፍ?» ዝርዝር ውስጥ አያቷን መረጠች። ከወጡት መሃል ሳንዝን ወሰደች፣ ወንዶች ልጆች። እማዬ አፍ ላይ የማንዝ መጨረሻ ንጹሕ «ዝ» ነው፣ ብሉቱዝ ላይ እንዳለው። ስለዚህ ማንዝ፣ ሳንዝ ሙሉ በሙሉ ይመታል።

አንደኛው ስንኝ «ፎር ዋን ማንዝ» ብሎ ያልቃል፣ ለአንድ ወር። ሁለተኛው «ቱ ሲ ኸር ሳንዝ»፣ ልጆቿን ለማየት። እማዬ እኔንና ወንድሜን ለአንድ ወር ለማየት ብላ መጥታ ይኸው አራት ዓመቷ ነው። ልጄ ይሄን ታውቃለች፣ ትጽፈዋለች ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

አንድ ነገር ፈራሁ። አስተማሪዋ በራሳቸው አፍ ሲያነቡት አይመታም። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ማይኩን ይዛ ወደ ሳሎን ሄደች።

«እማማ፣ አንቺ አንብቢልኝ። እቀዳለሁ፣ ከወረቀቱ ጋር እሰጣለሁ።»

እማዬ መነጽሯን ፈለገች። ሁለት ጊዜ ለራሷ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ ቀዳናት፣ 14 ሰከንድ ነው። ኋላ ላይ የጀበናው ድምፅ አለ፣ አላጠፋሁትም።